ሠርግ ያቆመው ቤት

ዳውንተን አቤይ የተባለውን ተከታታይ ፊልም ያየ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። ፊልሙ ሲጀምር ከሰፊ ሣር ሜዳ ማዶ ብቅ የሚለው፣ ማማው በሹል ሹል ጫፍ ያጌጠ፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው ትልቅ ግንብ ነው። እውነተኛ ስሙ ሃይክሌር ካስል ይባላል፤ የሚገኘው ደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር ውስጥ ነው። ፊልም ከመቀረጹ በፊትም ሆነ በኋላ የአንድ ቤተሰብ ንብረት ነው። ይኸው ቤተሰብ ለዓመታት አዳራሹን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሜዳውን ለሙሽሮች ሲያከራይ ኖሯል።

በ2023 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቤቱ እመቤት ካውንተስ ፊዮና ካርናርቨን ለጋዜጦች አንድ ነገር ተናገሩ። ትልልቅ ሠርግ ማስተናገድ አቁመናል አሉ። ሙሽራ ጠፍቶ አይደለም። የሚከፍል ጠፍቶም አይደለም፤ ከፊልሙ በኋላ እዚያ ሜዳ ላይ ለመዳር የማይመኝ ጥንድ ማግኘት ይከብዳል። የጠፋው ትሪ የሚሸከም ሰው ነው።

ዜናውን ያነበበ ብዙ ሰው ትከሻውን ሰብቆ አለፈ። ባለ ግንቦች አስተናጋጅ አጡ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ? ነገሩ ግን እንደዚያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ቤት ከ300 ዓመታት በላይ በሠርግ የኖረ ቤት ነው። ወደ ቤተሰቡ እጅ የገባው በሠርግ ነው፤ ከዕዳ የወጣው በሠርግ ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ከደጋገፉት ገቢዎች አንዱም የሠርግ ገቢ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ሠርግ ሲያቆም ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ቦታው ለዘመናት የዊንቸስተር ጳጳሳት ርስት ነበር። በ1679 ሮበርት ሶየር የሚባል፣ የንጉሡ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሚሆን ሰው ገዛው። ሶየር አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው። ልጅቱ ከኸርበርት ቤተሰብ ለነበረው ለፔምብሮክ ኧርል ተዳረች፤ ርስቱም ከእርሷ ወደ ሁለተኛ ልጇ አለፈ። ኸርበርቶች ከዚያ ወዲህ አልለቀቁትም። የካርናርቨን ኧርልነት ማዕረግ የመጣላቸው ቆይቶ ነው። ቤቱ መጀመሪያ ገባ፣ ማዕረጉ ተከተለ።

አሁን የሚታየው ግንብ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ንድፉን ያወጣው ቻርልስ ባሪ ነው፤ የለንደኑን የፓርላማ ሕንፃ የነደፈው ሰው። ሥራው በ1842 ተጀምሮ ባሪ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1878 ተጠናቀቀ። ከ200 በላይ ክፍሎች አሉት። ዛሬ በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ቅርሶች የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ስለተመዘገበ፣ ባለቤቱ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ያለ ፈቃድ መለወጥ አይችልም።

ድንጋዩ የመጣው ከባዝ ነው። ባዝ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ስም አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩባት ከተማ ናት። ከዚህ ግንብ ጋር የሚያያዝ ሌላም የኢትዮጵያ ጉዳይ አለ፣ እሱም በሠርግ በኩል ነው። በ1930 የንጉሠ ነገሥቱን በዓለ ንግሥ ለመዘገብ አዲስ አበባ መጥቶ በኋላ በሹፈት የጻፈው፣ በ1935ም ተመልሶ ለጣሊያን ያደላው ኢቭሊን ዎ የተባለው ደራሲ ሁለት ጊዜ አግብቷል። ሁለቱም ሚስቶቹ የአራተኛው የካርናርቨን ኧርል የልጅ ልጆች ነበሩ። ሠርግ የማያያይዘው የለም።

ወደ ዋናው ሠርግ እንምጣ። በ1895 አምስተኛው ኧርል ወጣት፣ ባለ ማዕረግና ባለ ዕዳ ነበር። ፈረስ ይወዳል፣ ጉዞ ይወዳል፣ የጥንት ዕቃ ይወዳል፤ ለሦስቱም ገንዘብ ያስፈልጋል። ዕዳው ወደ 150 ሺህ ፓውንድ ደርሶ ነበር። በሰኔ ወር ለንደን ውስጥ ከፓርላማው አጠገብ ባለው የቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን አልሚና ዎምብዌል የምትባል፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ አገባ። የአልሚና አባት በወረቀት ላይ አንድ መኮንን ነው። ብዙ ሰው ግን እውነተኛ አባቷ የባንክ ባለጸጋው አልፍሬድ ዴ ሮትሽልድ እንደሆነ ያምን ነበር። ሮትሽልድ የሙሽራውን ዕዳ ከፈለ፤ ለሙሽሮቹም 500 ሺህ ፓውንድ መደበ።

በሐበሻ ወግ ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው የወንዱ ወገን ነው። እዚያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ወንዱ ስምና ቤት ያቀርባል፣ ሴቲቱ ገንዘብ ታመጣለች። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ከእርሻ የሚያገኙት ገቢ ወድቆ ስለነበር ከባንክና ከፋብሪካ ባለጸጋ ልጅ፣ ከአሜሪካም ጭምር፣ ሚስት ማምጣት የተለመደ ነበር። ይህን ፍቅር የለሽ ንግድ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። የአልሚናን ሕይወት ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይቸኩልም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ግንቡን ሆስፒታል አድርጋ ቁስለኞችን ተቀበለች። ወጪውን የሸፈነው ያው ሮትሽልድ ነበር።

የዚያው ገንዘብ ሌላው ክፍል ግብፅ ወረደ። ኧርሉ ሃዋርድ ካርተር ለተባለው ቁፋሮ አዋቂ ለዓመታት ሲከፍል ቆይቶ፣ በኅዳር 1922 የቱታንካሙን መቃብር ተገኘ። ከአምስት ወር በኋላ ኧርሉ ካይሮ ውስጥ ሞተ፤ ምክንያቱ የመረቀዘ የትንኝ ንክሻ ነበር። ጋዜጦች የፈርዖን እርግማን ነው እያሉ ዓለምን አስደነገጡ። ቤተሰቡን በእርግጥ የመታው ግን ሌላ ነበር፤ የውርስ ግብር። አልሚና ባሏ የሰበሰበውን የግብፅ ቅርስ በ1926 ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ145 ሺህ ዶላር ሸጠች። ቤቱ ቆመ፤ ዕቃው ሄደ።

ሃይክሌር በዚህም ዕድለኛ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ እንዲህ ያሉ የመኳንንት ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል። በ1974 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለነዚህ ቤቶች ጥፋት ኤግዚቢሽን ሲያሳይ፣ የጠፉት ስም ዝርዝር ከአንድ ሺህ በላይ ነበር። የፈረሱበት ምክንያት ሲጠየቅ ሁሉም ግብር ይላል። ግብሩ እውነት ነው። ግማሹ ምክንያት ግን እጅ ነው። እንደዚያ ያለ ቤት የሚኖረው እሳት በሚያነዱ፣ ውሃ በሚያመላልሱ፣ ብር በሚወለውሉ በርካታ ሰዎች ነበር። ሁለቱ ጦርነቶች ወንዶቹን ወሰዱ፤ ፋብሪካውና ቢሮው ሴቶቹን ወሰደ። የተመለሰ የለም፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ቀን ከሌት በደወል እየተጠሩ ምድር ቤት ከመኖር፣ የሥራ ሰዓቱ በታወቀ ፋብሪካ ማገልገል ይሻላል። ሃይክሌርን በ2023 ያስጨነቀው ነገር አዲስ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ስድስተኛው ኧርል እንደምንም ይዞት ቆየና በ1987 ሞተ። ልጁ በዓመቱ በሩን ለጎብኚ ከፈተ። ጎብኚ ግን ፀሐይ ሲወጣ የሚመጣ፣ ሲዘንብ የሚቀር ደንበኛ ነው። የቤቱን ጣራ በቲኬት ብቻ ማደስ አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ሕጉ የተለወጠው። እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝና በዌልስ የሚጋቡ ሰዎች በአብዛኛው ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ ወይ የአምልኮ ቦታ፣ ወይ የክብር መዝገብ ሹሙ ቢሮ። ቢሮው ቢሮ ነው። አንዱ ጥንድ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የ1994ቱ የጋብቻ ሕግ፣ ከሚያዝያ 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፣ የአካባቢው አስተዳደር የፈቀደለት ሆቴልም ሆነ የመኳንንት ቤት ሕጋዊ ጋብቻ እንዲፈጸምበት አደረገ። ሹሙ መዝገቡን ይዞ ወደ ሙሽሮቹ ይመጣል ማለት ነው።

ዝርዝር ደንቡ የእንግሊዞችን ጠባይ ያሳያል። ሥርዓቱ ሃይማኖታዊ መሆን የለበትም። ቃል ኪዳኑ በሚፈጸምበት ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብም የአልኮል መጠጥም አይቀመስም። ሥርዓቱን መታደም የሚፈልግ ሰው ያለ ክፍያ መግባት መቻል አለበት። ቦታው ደግሞ ጣራ ያለው፣ ከቦታው የማይነቀል ግንባታ መሆን ነበረበት። ግቢው መቶ ሄክታር ሜዳ ቢኖረውም ሙሽሮቹ "እሺ" የሚሉት ከጣራ ሥር ነው። በደጅ፣ በሜዳው ላይ እንዲጋቡ የተፈቀደው ገና በ2021 ነው፤ ለዚያ ያበቃውም ኮሮና ነው።

ሕጉ ሲወጣ ዓላማው ለተጋቢዎች ምርጫ መስጠት ነበር። በተግባር ግን ለአሮጌ ቤቶች የዕድሜ ማራዘሚያ ሆነ። ምክንያቱ ቀብድ ነው። ሙሽራ ቀኗን ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ትይዛለች፤ ስትይዝም ትከፍላለች። በጥር ብርድ፣ አንድም ጎብኚ በሌለበት ወር፣ ለመጪው ሐምሌ የተከፈለ ገንዘብ ባንክ ውስጥ አለ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል። ሠርጉ ቀን ዘነበም አልዘነበም ሒሳቡ አይለወጥም። ካውንተስ ፊዮና ወደዚህ ቤት ከመግባታቸው በፊት የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። የእንዲህ ያለው ገቢ ጥቅም ለእርሳቸው አስረጂ አያስፈልገውም።

ስምንተኛው ኧርል፣ ባለቤታቸው፣ አባታቸው በ2001 ሲሞቱ ቤቱን ወረሱ። ባልና ሚስቱ የወረሱት ግን ምቾት አልነበረም። በ2009 የወጡ ዘገባዎች ሁኔታውን በግልጽ ያሳያሉ። ውሃ እየሰረገ ድንጋዩን ሸርሽሮታል፣ አንዳንድ ጣራ ወድቋል፣ ቢያንስ 50 ክፍሎች ሰው የማይገባባቸው ሆነዋል። ለርስቱ ሁሉ ጥገና 12 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚያ ውስጥ ለግንቡ ብቻ በአስቸኳይ 1.8 ሚሊዮን ያስፈልግ ነበር። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያኔ በግቢው ካለች አነስተኛ ቤት ይኖሩ ነበር። ምድር ቤቱ ሙሽራ ያስጨፍራል፤ ፎቁ ላይ ባልዲ ተደርድሯል።

የእንግሊዝን የግብር ሕግ ጠማማነት ለማየት እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። አዲስ መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው የተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ ነው። የ200 ዓመት ጣራ ለሚጠግን ሰው 20 በመቶ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ "ይህ ቅርስ ነው፣ እንዳትነካው" ይላል፤ በሌላው እጁ በጠገኑት ቁጥር ያስከፍላል።

ሠርግ በመኖሪያ ቤት ማስተናገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሆቴል ለድግስ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምንጣፉ ቢበላሽ ይቀየራል። እዚህ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአያት ሥዕል ነው፤ ቀይ ወይን የፈሰሰበት ወንበር መተኪያ የለውም። ሻማ ይፈራል። ኮንፌቲ ይፈራል። የዲጄው ድምፅ የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቅጣል፣ ጎረቤት መንደር ድረስም ይሰማል። የሰከረ ሚዜ ከየትኛው በር ጀርባ እንደሚገኝ አይታወቅም። ቅዳሜ ማታ ሺህ አበባ የነበረበት ክፍል እሑድ ጠዋት ለጎብኚ ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት። ቤተሰቡም በገዛ ቤቱ በጓሮ በር የሚገባ ሰው ይሆናል።

ንቀቱም አለ። በ2005 ከጋዜጣ ፊት ገጽ የማትጠፋ አንዲት ሞዴልና አንድ ዘፋኝ በዚሁ ግንብ ተጋቡ። ሙሽራዋ የመጣችው ዱባ በሚመስል ሠረገላ ነበር። የጨዋ ልጅ ነኝ የሚለው ሁሉ ሳቀ፤ የመኳንንት ቤት መጫወቻ ሆነ ተባለ። ግን በ1895ቱ ሠርግ እና በ2005ቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ቤቱን የሚያቆም ገንዘብ ይዘው መጡ። እንዲያውም የኋለኛዋ ሙሽራ ኪራይዋን ከፍላ፣ ፎቶዋን ተነሥታ፣ ሄደች፤ ቤቱን ለልጅ ልጅ ለማውረስ ልጅ እንድትወልድለት ማንም አልጠበቀባትም።

ከ2010 ጀምሮ ፊልሙ መጣ፣ ዓለም ጎረፈ። በ2012 መጨረሻ ትልቁ ጥገና ተጀመረ። ሠርጉም ቀጠለ። ከዚያ ኮሮና በመጋቢት 2020 ሁሉንም ዘጋ፤ ሠርግ በተከፈተ ጊዜም መጀመሪያ ለ30 ሰው፣ ከዚያ ለ15 ሰው ብቻ ተፈቀደ። የእንግሊዝ ባለ አዳራሾች ቀን ሲያዛውሩ፣ ቀብድ ሲመልሱ ሁለት በጋ አለፈ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሙሽሮች ተመለሱ። ሠራተኞቹ ግን አልተመለሱም።

ለምን? በ2020 መጨረሻ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የነበራት የሰዎች ነፃ ዝውውር አከተመ። እስከዚያ ድረስ የፖላንድ፣ የሩማንያ፣ የስፔን፣ የፖርቱጋል ወጣት ያለ ቪዛ መጥቶ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል ያደርግ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት የሥራ ቪዛ የሚሰጠው ለሠለጠነ ሙያ ነው፤ አስተናጋጅነት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ትሪ መሸከም ማንም የሚችለው ሥራ ነው ብለው ነበር። ማንም የሚችለውን ሥራ የሚሠራ ግን ጠፋ።

የገጠር ግንብ ሠርግ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ካልታየ ነገሩ አይገባም። ለ150 እንግዳ ሃያ ሠላሳ ሰው ይፈለጋል፤ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ መጠጥ ቀጂ፣ ሳህን አጣቢ፣ መኪና አስቁሞ የሚያስተካክል። ሥራው ያለው ቅዳሜ ነው፤ ያውም ከግንቦት እስከ መስከረም። ሠርጉ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከገጠር የሚወጣ አውቶቡስ የለም። አካባቢው የቤት ኪራይ ውድ የሆነበት ነው፤ ወጣቱ ለንደን ሄዷል። በቅዳሜ ደመወዝ ብቻ የሚኖር ሰው የለም። ሥራውን ይዞት የነበረው በሳምንቱ ሌላ ሥራ ያለው፣ ገንዘብ ለማጠራቀም የመጣ፣ ስድስት ሆኖ አንድ ቤት የሚከራይ የሰው አገር ልጅ ነበር።

ደመወዝ ጨምሩ የሚል መልስ አለ፤ ተገቢ መልስ ነው። ለአስተናጋጅ እንደ ሰው ካልተከፈለ ሠርጉ ቢቀር ይሻላል። ነገር ግን ቅዳሜን ወደ ሳምንት መለወጥ የሚችል ደመወዝ የለም። ዋጋውን ከፍ ማድረግ የቻለ ቤት ደግሞ ለባለጸጋ ብቻ የሚከፈት ይሆናል፤ የ1994ቱ ሕግ ያመጣው ደግ ነገር፣ የአናጺና የነርስ ልጅ አንድ ቀን በኧርል ሣሎን እንድትዳር ማስቻሉ፣ ያኔ ይቀራል።

በሐበሻ ድግስ ችግሩ በዚህ መልክ አልታየም፤ ምክንያቱም እጁ የሚመጣው በቅጥር ሳይሆን በዝምድና ነበር። ሽንኩርት የሚከትፈው ጎረቤት ነው፣ ወጡን የምትጠብቀው አክስት ናት፣ የእድር ድንኳን የሚተክለው የሰፈር ልጅ ነው። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የተባለው ቀንጣሽ እጅ በደጅ ስላለ ነው። ሃይክሌር እንዲህ ያለ ደጅ የለውም። ድሮ የነበረው የሎሌ እጅ ነው፤ ቀጥሎ የስደተኛ እጅ ሆነ።

ለካርናርቨኖች እዘኑ የሚል ሰው እዚህ የለም። ዛሬም 5 ሺህ ኤከር ገደማ መሬት ይዘዋል፤ ጾም የሚያድሩ አይደሉም። ሠርግ ቢያቆሙ የሚተርፋቸው ስም አለ፣ ፊልም አለ። አሳሳቢው ፊልም ያልተቀረጸባቸው ቤቶች ጉዳይ ነው። በብሪታንያ ከ1,400 በላይ የግል ታሪካዊ ቤቶች በአንድ ማኅበር ታቅፈዋል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ስማቸው ከአውራጃቸው አይወጣም፤ ባል ሣሩን ያጭዳል፣ ሚስት የሙሽሮችን ስልክ ትመልሳለች፣ ልጅ ወንበር ይደረድራል። ለእነሱ የሐምሌ ቅዳሜ ማለት የጥር ጣራ ነው። አስተናጋጅ ስላጡ አሥር ሠርግ ቢሰርዙ የሚያፈሰውን የሚደፍን ዳውንተን አቤይ የላቸውም።

ካውንተስ ፊዮና ግን ሒሳባቸውን አስልተዋል። ግንቡ አሁን በተወሰኑ ወራት ለጎብኚ ይከፈታል፤ ሻይ ከነኬኩ ይሸጣል፤ እመቤቲቱ ስለ ቤቱ መጻሕፍት ይጽፋሉ። ከ2019 ጀምሮም በግንቡ ስም የተሰየመ ጂን ገበያ ላይ ውሏል። ጠርሙሱ ተጭኖ አሜሪካ ድረስ ይሄዳል። ቅዳሜ ማታ አስተናጋጅ አይጠይቅም፤ ሲያልቅም ሳህን የሚያጥብ አይፈልግም።